ስሙ ያልታወቀው የጓሮ ዛፍ፦ መጀመሪያ መለየት፣ ከዚያ ማዛወር

ጥያቄው፦ «ለገጣፎ አካባቢ 200 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት ገዝተን ገባን። ጓሮው ላይ፣ ከአጥሩ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የተከሉት አንድ ዛፍ አለ። ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ግንዱን በልብስ ሰፊ ሜትር ስንለካው ዙሪያው 13 ሣንቲ ሜትር ሆነ። ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ነው። የካቲት ላይ ሙሉ በሙሉ ረግፎ ሞተ ብለን ነበር፤ አሁን ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እንደገና ለምልሟል። አበባ አላየንበትም። አንዱ ጎረቤት የድሬዳዋ ዛፍ ነው ይላል፣ ሌላው ግራቪሊያ። ኅዳር ላይ እዚያ ቦታ ሰርቪስ ቤት ስለምንሠራ ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ልናዛውረው እንፈልጋለን። አፈሩ ጥቁር ነው፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ዛፉ ምንድን ነው? ለመሠረት ቁፋሮ የሚመጣው ኤስካቫተር ነቅሎ ቢተክልልንስ?»

ምላሽ፦

ከገለጻችሁት ሁኔታ ጃካራንዳ ሳይሆን አይቀርም። በኤስካቫተር አይነሣም። በእጅ፣ ሐምሌ ላይ ከነአፈሩ ቢነሣ ግን የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ሥራ፣ ሥሩን በቦታው እያለ ቀድሞ መግረዝ፣ ሐምሌን አይጠብቅም፤ በመጪው ግንቦት መጀመሪያ ሳምንት የሚሠራ ነው።

«ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ላልፈው ግን አልችልም፤ ላባ መሳይ ቅጠል ካላቸው ዛፎች መካከል መዛወርን የሚታገሥም አለ፣ ሥሩ ሲነካ የሚሞትም አለ፣ ከነጭራሹ ለማዛወር ድካም የማይገባውም አለ። ስለዚህ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ የአምስት ደቂቃ ምርመራ አድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ቅጠል» የቱ እንደሆነ ላይ ነው። ያቺን የጥፍር ያህል ሚጢጢ አረንጓዴ ነገር ቅጠል ይላታል። ከቀንበጡ ላይ የሚነሣው፣ ክንድ የሚያህለው ላባ በሙሉ አንድ ቅጠል ነው፤ ሚጢጢዎቹ የእሱ ክፍልፋዮች ናቸው። እርግጠኛ ለመሆን ብብቱን እዩ። እውነተኛ ቅጠል ከቀንበጡ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የምትቀጥለዋ እምቡጥ ቁጭ ብላ ትገኛለች፤ በክፍልፋዮቹ ሥር እምቡጥ የለም።

አሁን ዘንድሮ የወጣ፣ ገና እንጨት ያልሆነ ቀንበጥ ያዙና ሁለት ቅጠሎች እንዴት እንደተቀመጡ ተመልከቱ። ከአንድ ቦታ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ከወጡ፣ የሚቀጥሉት ሁለቱ ደግሞ በመስቀለኛ ዞረው ከተቀመጡ፣ ጃካራንዳ ነው። የድሬዳዋ ዛፍም፣ ግራቪሊያም፣ አገር በቀሉ ሰሳም፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስም ቅጠላቸውን የሚያወጡት አንዱን በዚህ ሌላውን ከፍ ብሎ በዚያ እያፈራረቁ ነው። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ከአበባ ይልቅ ብዙ ይናገራል። አበባውን መጠበቅ ደግሞ አያዋጣም፤ ከዘር የበቀለ ጃካራንዳ አበባ እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ የክፍልፋዮቹ ጫፍ ነው። የጃካራንዳ ሚጢጢ ቅጠሎች ጫፋቸው ሹል ነው፤ እያንዳንዱ የላባ ዘንግ የሚያልቀውም ከሌሎቹ በምትበልጥ አንዲት ብቸኛ ቅጠል ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ክፍልፋዮች ጫፋቸው ድቡልቡል ያለ ነው፣ መጨረሻቸውም ጥንድ እንጂ ብቸኛ አይደለም፤ ከዋናው ቅጠል እግር ላይም ራሳቸው ትንሽ ላባ የሚመስሉ ሁለት ጭራዎች ይወጣሉ። ግራቪሊያን ለመለየት ቅጠሉን መገልበጥ ይበቃል፤ ጀርባው እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ብርማ ነው። ደግሞም ግራቪሊያ እርቃኑን እስኪቀር አይረግፍም። የካቲት ላይ ባዶ መቅረቱን ስትነግሩኝ የሁለተኛውን ጎረቤት ግምት ወዲያው የጣልኩት ለዚህ ነው።

ሰሳ ከሆነ ክፍልፋዮቹ አራት ማዕዘን ወደመሆን ያደላሉ፣ የመሀል መስመራቸውም ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፤ ሰሳና ዘመዶቹ ሲመሽ ክፍልፋዮቻቸውን አጥፈው ይተኛሉ፣ ጃካራንዳ ግን እንደተዘረጋ ያድራል። ዲከረንስ፣ ያ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ላይ ለከሰል በብዛት የተተከለው፣ ቀንበጡን በጣት ሲዳስሱት እንደ ጠርዝ ወጣ ያሉ መስመሮች ይቆረቁራሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማንኛውንም የማታውቁትን ዛፍ ስትመረምሩ አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ የሚወጣውን ፈሳሽ እዩ። ወተት የመሰለ ከወጣ እጃችሁን ወደ ዓይናችሁ አታምጡ፣ ታጠቡ። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ጃካራንዳ ወተት የለውም።

ምልክቶቹ ከተጣረሱባችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማስቀመጫ) አለ፣ ናሙና ይዞ መጠየቅ ይቻላል። ናሙና ማለት አንድ ቅጠል በላስቲክ ጠቅልሎ መሄድ አይደለም። 30 ሣንቲ ሜትር የሚሆን ቀንበጥ ከነቅጠሎቹ ቁረጡና በጋዜጣ መሀል ዘርጉት፣ አንዱን ቅጠል ገልብጡት፣ በላዩ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ እየቀየራችሁ አድርቁት። ፍሬ ካለ አብራችሁ ውሰዱ። የጃካራንዳ ፍሬ ሁለት ትንንሽ ሰሃን አፍ ለአፍ የተገጠመ የሚመስል፣ ጠፍጣፋ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ትልቅ ጃካራንዳ ካለ ሥሩ ላይ ወድቆ ታገኙታላችሁ።

ጃካራንዳ ሆኖ ካልተገኘስ? ግራቪሊያ ከሆነ አታዛውሩት። ከአፈሩ ወለል አጠገብ እንደ ብሩሽ የተጠጋጉ ደቃቅ ሥሮች አሉት፣ እነሱ ሲበጠሱ በዚህ ዕድሜው አያገግምም፤ ቢያገግምም ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝምና በንፋስ ቅርንጫፉ በቀላሉ የሚሰበር ዛፍ 200 ካሬ ውስጥ ምን ይሠራል? ቆርጣችሁ ችግኝ ግዙ። ዲከረንስም እንደዚሁ፤ ዕድሜው አጭር ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩን ተቆርጦ ሊተርፍ ይችላል፣ ግን ሙቀት የለመደ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኘው በእናንተ አካባቢ እንደ ድሬዳዋው ደምቆ ያብባል ብላችሁ አትጠብቁ። ሰሳ ከሆነ አገር በቀል ነው፣ ልፋቱ ይገባዋል፣ ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራር ለእሱም ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጃካራንዳ ነው ብዬ ነው።

ከቦታው እንጀምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሐሳባችሁን ልትቀይሩ ትችላላችሁ። ጃካራንዳ ሲያድግ 15 ሜትር ሊደርስ፣ ጥላው ከ8 እስከ 10 ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር፣ ከአጥር 3 ሜትር፣ ከሴፕቲክ ታንክና ከውኃ መስመር የተቻለውን ያህል ይራቅ። ቀና ብላችሁም እዩ፤ የመብራት ሽቦ ሥር አይተከልም። አበባው ሲረግፍ ምንጣፍ ነው፣ ሲረጥብ ግን ሴራሚክና ንጣፍ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፣ አሸንዳም ይደፍናል። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያው ላይ ባይሆን ይመረጣል። ፊት ለፊት ያላችሁ ባዶ ቦታ 4 ሜትር በ5 ሜትር ከሆነ፣ እንደኔ ከሆነ ድካሙን ትቼ እዚያ ወይራ እተክላለሁ። ሰፋ ያለ ጥግ ካለ ግን ቀጥሉ።

አሁን የሚነሣው ጓል፣ ማለትም ሥሩን ይዞ አብሮ የሚነሣው አፈር፣ ምን ያህል ይሁን? የግንዱን ዙሪያ ለ3.14 አካፍሉት፤ 13 ሣንቲ ሜትር ዙሪያ ማለት 4 ሣንቲ ሜትር ውፍረት ነው። ለእያንዳንዱ ሣንቲ ሜትር ውፍረት 10 ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጓል ይያዝለታል። ለእናንተ 40 ይመጣል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሚገረዙት ሥሮች ጫፍ የሚወጡትን አዳዲስ ሥሮች ለማካተት በየጎኑ 5 ጨምሩበትና ሐምሌ ላይ የሚነሣው 50 ሣንቲ ሜትር ስፋትና 35 ሣንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። እርጥብ ጥቁር አፈር ከባድ ነው፣ ይህ ጓል ከ80 እስከ 120 ኪሎ ይመዝናል። አራት ጠንካራ ሰው እንጂ አንድ ዘበኛ የሚችለው ሥራ አይደለም።

ሥሩን መግረዝ ለምን አስፈለገ? ዛፉ ውኃ የሚጠጣው ከግንዱ ሥር ባሉት ወፋፍራም ሥሮች ሳይሆን ርቀው በሄዱት በደቃቆቹ ጫፎች ነው። በአንድ ከሰዓት ተቆፍሮ ሲነሣ እነዚያ ጫፎች መሬት ውስጥ ይቀራሉ፣ ዛፉ ወፍራም ጉቶ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ቀደም ብሎ በቦታው እያለ ከተገረዘ ግን ከተቆረጠው ጫፍ አዳዲስ ደቃቅ ሥሮች ያወጣል፣ እነሱም በጓሉ ውስጥ አብረውት ይነሣሉ።

ከመገረዙ በፊት ግን የግንዱን እግር ፈልጉ። ዛፍ ከመሬት ሲወጣ ወደ ሥሩ ሰፋ ማለት አለበት። የእናንተው ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከገባ፣ በግንባታ ጊዜ የተረፈ አፈር ተደልድሎበታል ማለት ነው። በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ ቀስ ብላችሁ አፈሩን አንሱና የመጀመሪያው ወፍራም ሥር የሚነሣበትን አንገት አግኙ። 35 ሣንቲ ሜትሩ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። እዚያው ላይ ጥቁር ላስቲክ ካገኛችሁ አትደነቁ፤ የችግኝ ጣቢያ ላስቲክ ሳይወልቅ የተተከለ ዛፍ በየግቢው ሞልቷል። ውስጡ ያሉት ሥሮች ግንዱን እንደ ገመድ ዞረውት ከሆነ፣ የጣት ያህል የወፈሩትን በመጋዝ ቁረጡ፣ ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ። ሥሩ ግንዱን ግማሽ ዙር አንቆ አብሮ ከወፈረ ግን ማዛወሩን ተዉት፤ ያ ዛፍ የትም ቢተከል ውሎ አድሮ ራሱን ያንቃል።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ከቁፋሮው ዋዜማ ሁለት ጄሪካን ውኃ አጠጡት፤ የደረቀ ጥቁር አፈር እንደ ድንጋይ ነው፣ ሲፈነቀልም ሥሩን ይዞ ይሰነጠቃል። በነጋታው ከግንዱ መሀል 20 ሣንቲ ሜትር ርቀት ላይ በሲባጎና በችካል ክብ አስምሩ፣ ክቡንም እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ክፈሉት። አሁን የሚቆፈረው ሁለቱ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሩብ ክፍሎች ብቻ ናቸው። ከክቡ ወደ ውጭ የአካፋ አፍ ስፋት፣ ወደ ታች 35 ሣንቲ ሜትር ቆፍሩ። ያገኛችሁትን ሥር በዶማ አትምቱት። ከእርሳስ የወፈረው በመጋዝ፣ የቀጠነው በሹል መቀስ ይቆረጥ። በዶማ የተመታ ሥር ጫፉ ይፈረካከሳል፣ ወደ ውስጥም ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ላይ አዲስ ሥር ከመውጣቱ በፊት ብስባሴ ይገባል። ጉድባውን በወጣው አፈር ላይ አንድ ሦስተኛ የሚሆን በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅላችሁ መልሱት። ለጋ ሥር በላላ አፈር ውስጥ ይሮጣል።

የቀሩትን ሁለት ሩቦች ሰኔ አጋማሽ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ቁረጡ። በመሀሉ ዝናብ ከሌለ በየ5 ቀኑ አንድ 20 ሊትር ጄሪካን ይበቃዋል። በላዩ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዙበት። ጥቁር አፈር በግንቦት ሲሰነጠቅ አዲስ የወጣውን ሥር ከመሀል ይበጥሰዋል፣ ጉዝጓዙ የሚያስፈልገው ከውኃ ቁጠባው በላይ ለዚህ ነው። አንዳንድ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ ከግረዛው የመጣ ነው፣ አያስደነግጥ። ወደታች የሚወርደውን ዋና ሥር በዚህ ጊዜ አትነኩትም፤ እሱ የሚቆረጠው በመጨረሻው ቀን ነው።

አዲሱን ጉድጓድ ሰኔ ላይ አዘጋጁ። ጥቁር አፈር ላይ የሚተከል ዛፍ በብዛት የሚሞተው በጉድጓዱ ምክንያት ነው። ሰው ደግነት መስሎት አንድ ሜትር ጠልቆ ይቆፍራል፣ ታቹን በፍግና በቀይ አፈር ይሞላል። ክረምት ሲገባ ያ ጉድጓድ በዋልካ መሬት መሀል የተቀበረ ገበቴ ይሆናል፤ የዙሪያው ውኃ ሁሉ ወደ ላላው አፈር ይሰበሰባል፣ መውጫ ያጣል፣ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ፍጉ ሲሟሽሽ ደግሞ ዛፉ አብሮ ይሰምጣል።

ስለዚህ ጉድጓዱ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይሁን። ስፋቱ ከ1 ሜትር እስከ 1.20፣ ጥልቀቱ 25 ሣንቲ ሜትር። ጓሉ 35 ከሆነ 10 ሣንቲ ሜትሩ ከመሬት በላይ ይቀራል፣ ሆን ተብሎ ነው። ታቹን አትቆፍቁፉት፣ ጓሉ በጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጥ። ግድግዳው በአካፋ ተልጎ እንደ ተወለወለ ሸክላ ከሆነ በመንሽ ወይም በዶማ ጫፍ ቧጥጡት፣ አለዚያ ሥሩ መግቢያ አጥቶ ጉድጓዱን ይዞራል። ሁለት ጄሪካን ውኃ አፍስሱበትና በማግስቱ እዩ። ውኃው እዚያው ካደረ፣ ጥልቀቱን ወደ 15 ሣንቲ ሜትር ቀንሱና ዛፉን ጉብታ ላይ ትከሉት፣ ከጉብታው ሥርም ወደ ዝቅተኛው ጎን ትንሽ ቦይ አውጡ።

የሚነሣበት ቀን ሐምሌ ውስጥ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሳይሆን አንድ ሁለት ቀን ጋብ ካለ በኋላ፣ ሰማዩ ደመና ሲሆን ቢሆን ጥሩ ነው። ጭቃ የሆነ ጓል ሲነሣ ይለጠጣል፣ ሥሩም ይላላል። የሚያስፈልጋችሁ፦ ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ መጋዝ፣ መቀስ፣ አንድ ትልቅ የቃጫ ጆንያ፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት የእንጨት ችካልና አንድ ባሬላ። ጆንያው የቃጫ መሆኑን አደራ። በተለምዶ ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ጆንያ አይበሰብስም፤ ለመሸከም ብቻ ከሆነ ግድ የለም፣ ከጉድጓዱ ግን መውጣት አለበት።

ወደ ሰሜን የዞረው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር እሠሩ፣ ሲተከልም በዚያው አቅጣጫ ይዙር፤ ለጥላ የለመደ የግንድ ቆዳ ድንገት ለፀሐይ ሲሰጥ ይላጣል። ቅርንጫፎቹን በለሆሳስ ወደ ላይ ሰብስባችሁ እሠሩ። ከግንዱ 25 ሣንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያውን ቆፍሩ፣ አካፋው ሁልጊዜ ጀርባው ወደ ዛፉ ይሁን፣ አለዚያ ስትፈነቅሉ ጓሉን ትንዱታላችሁ። 35 ላይ ስትደርሱ ወደ ውስጥ እያጠበባችሁ ታቹን ፈልፍሉ። ጓሉ በጠባብ እግር ላይ የቆመ እንጉዳይ ሲመስል አንድ ሰው ያጋድለው፣ የጆንያው ግማሽ ተጠቅልሎ ከሥሩ ይግባ፣ ወደ ሌላው ጎን ሲያጋድል ይዘርጋ። ከዚያ አፉን ወደ ግንዱ ሰብስባችሁ በሲባጎ እንደ ጥቅል ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋችሁ እሠሩት። ዋናውን ሥር በመጋዝ የምትቆርጡት አሁን ነው፣ ከታሰረ በኋላ።

ስታነሡት ጓሉን ከታች ደግፋችሁ ነው። ግንዱን ይዞ መጎተት አይታሰብም፤ 100 ኪሎ አፈር ግንዱ ላይ ሲንጠለጠል ሥሩ ከአፈሩ ውስጥ ይሸረፋል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም ያልሆነ ይመስላል። በባሬላ ተሸክማችሁ ሂዱ፣ በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡት።

ከማሰሪያው መፈታት በፊት አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድሙና የሥሩ አንገት ከእንጨቱ 8 እስከ 10 ሣንቲ ሜትር (ጥልቀቱን ወደ 15 ከቀነሳችሁ 18 እስከ 20) ከፍ ማለቱን አረጋግጡ። ዝቅ ካለ አሁኑኑ አንሡት፣ ከሥሩ አፈር ጠቅጥቁ። ከተሞላ በኋላ ማስተካከል የለም። ከዚያ ሲባጎውን ፍቱ፣ ጆንያውን ቢያንስ ከላይኛው ግማሽ ቁረጡት። የወጣውን አፈር ራሱን መልሱ፣ የጠጠረውን እየፈረካከሳችሁ። ግማሽ ሲደርስ አንድ ጄሪካን ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ ይስረግ፣ ቀሪውን ሙሉ፣ ሌላ ጄሪካን ድገሙ። በቡትስ አትርገጡት። ደረቅ አሸዋማ አፈር ቢሆን ቀለል አድርጎ መርገጥ ይቻል ነበር፤ እርጥብ ዋልካ ሲረገጥ ግን ጡብ ይሆናል። አየሩን ውኃው ራሱ ያስወጣዋል። ከመሬት በላይ የቀረውን የጓል ጎን በአፈር ሸፍናችሁ እንደ ለዘብተኛ ጉብታ እስከ አንድ ሜትር አስረዝሙት። በላዩ ከ5 እስከ 8 ሣንቲ ሜትር ጭድ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ።

በክረምት ዙሪያውን ውኃ መያዣ ቀለበት አይሠራለትም፤ ዝናቡ በጉብታው ላይ ወርዶ ይሂድ። ቀለበቱ የሚሠራው መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያቆም ነው።

ድጋፉ ሁለት ችካል ከጓሉ ውጭ፣ ግንዱን ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ አካባቢ በተቆረጠ የብስክሌት ካላማዳሪያ በስምንት ቅርጽ አሥሮ ነው። ሽቦ አይሆንም፣ በጎማ ቱቦ የተሸፈነም ቢሆን። ላይኛው ግንድ በንፋስ ትንሽ መወዛወዙ ጥሩ ነው፣ ያጠነክረዋል፤ መቆም ያለበት ሥሩ ነው። በዓመቱ ፍቱት።

መግረዝን በተመለከተ፣ ሥሩ ስለቀነሰ ቅርንጫፉም ይቀነስ የሚል አሮጌ ምክር አለ። እሱን አትከተሉ፣ የተሰበረውን ብቻ ቁረጡ። አዳዲስ ሥር እንዲወጣ የሚያዘውም የሚመግበውም ቅጠልና እምቡጥ ነው። ጃካራንዳን ደግሞ በተለይ ጫፉን ከቆረጣችሁት ቅርጹ ይበላሻል፤ ከተቆረጠበት ቦታ ቀጥ ብለው እንደ ሸንበቆ የሚወጡ ብዙ ቀንበጦች ይልካል። ዩሪያም፣ ዳፕም፣ ያልበሰለ እበትም በመጀመሪያው ዓመት አይጠጋው። የተቆረጠ ሥር ላይ ማዳበሪያ ማለት ቁስል ላይ ጨው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ሊረግፍ ይችላል። አረጋገፉን ግን ልብ በሉ። ቅጠሉ ሲነካ ከመገጣጠሚያው ንጹሕ ሆኖ ከለቀቀ፣ ዛፉ ራሱ ነው የጣለው፣ ሕይወት አለው። ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ ስትጎትቱትም አልለቅ ካለ ቅርንጫፉ ሞቷል። ጥርጣሬ ሲገባችሁ የቀንበጡን ቆዳ በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ጠብቁ። እስከ ሚቀጥለው ሚያዝያ ሳይለመልም ቆይቶ የተነሣ ጃካራንዳ አዲስ ነገር አይደለም።

ሌላው ግራ የሚያጋባው በነሐሴ የሚታይ መጠውለግ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲንጠለጠል ሰው ውኃ የጠማው ይመስለውና ይጨምርበታል። በመጀመሪያ እንጨት 15 ሣንቲ ሜትር ወደ ጓሉ ሰክታችሁ አውጡ፤ ጭቃ ይዞ ከወጣ፣ መጥፎ ጠረንም ካለው፣ ችግሩ የውኃ መብዛት ነው፣ መፍትሔውም ቦዩን ማጥለቅ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ቀጣዩ ክረምት ደግሞ በሳምንት ሁለቴ አንድ አንድ ጄሪካን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንዱ ቀን ቢያልፍ ምንም አይደለም፣ ጥቁር አፈር እርጥበት ይይዛል፤ ያው እንጨቱ ይንገራችሁ።

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ለጋ ጃካራንዳ አይወደውም። ለመጀመሪያው በጋ ሦስት እንጨት ዙሪያውን አቁማችሁ ማታ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ ጣል አድርጉበት፣ ጠዋት ግለጡት። ላስቲክ አይሁን፤ ቅጠሉን በነካበት ቦታ ውርጩን ያስተላልፋል። ቢጎዳም የጠቆረውን ጫፍ ቶሎ አትቁረጡ፣ እስከ መጋቢት ይቆይ፣ በሕይወት ያለው የት ድረስ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል።

ኤስካቫተሩን በተመለከተ፣ ባልዲው ጓል አይዝም፣ ሥር ይቀዳል። ከዚህም በላይ የሚመጣው ኅዳር ላይ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ አፈሩ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ውርጩ ደርሷል። በሆነ ምክንያት የዘንድሮው ሐምሌ ካመለጣችሁና ሰርቪሱም የማይዘገይ ከሆነ፣ ዛፉ ያለበትን ጥግ ትታችሁ ከሌላው በኩል መሠረቱን ማስጀመር ይቻል እንደሆነ ኮንትራክተሩን ጠይቁት። እሱም የማይሆን ከሆነ ቁረጡትና በመጪው ክረምት የ50 ሣንቲ ሜትር ችግኝ ትከሉ። በኅዳር ተነቅሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚያቃስት የ3 ሜትር ዛፍ፣ ያ ችግኝ ቶሎ ይደርስላችኋል።